ነጩን ጎሽ ስጠብቅ

ሰኞ

ዛሬም አልወጣም። ከምሳ በኋላ ጀምሬ ኮምፒውተሩ ጨዋታ ውስጥ ረግረጉ ዳር ቆሜ ዋልኩ። ስክሪኑ ዓይኔን አስለቀሰው። እንቁራሪት የሚያክል ነገር እየመጣ እግሬን ይነክሳል፣ እሱን በጦር እላለሁ። ነጩ ጎሽ ግን የለም።

ኤርሚያስ ባጃጁን ደጅ አቁሞ ከአጠገቤ ይጫወታል። «አባባ፣ ለዚህ ጎሽ አሞሌ ቢያስቀምጡለት አይሻልም?» አለኝ። ኢንተርኔት ቤቱ በሙሉ ሳቀ። የሚስቅ ይሳቅ።

ልጄ ተመስገን እዚሁ ቤት ይህን ጨዋታ ሲጫወት ነው ያደገው። እናቱ ስትሞት ብቻዬን እንዳልቀመጥ ብሎ እኔንም አስተማረኝ። ከዚያ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። ከታንዛኒያ አንዴ ደወለ፣ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። ስልኩን ቀምተውት ይሆናል፤ ቁጥሬን በቃሉ አይዝም። ጨዋታው ውስጥም የድሮ ስሙ ጨልሟል፣ አይገባበትም።

ነጩን ጎሽ የገደለ ሰው ግን ስሙ በየአገሩ በሚጫወተው ሁሉ ስክሪን ላይ ይወጣል። እኔ የምጫወተው በአያቴ ስም ነው፣ ሎምቤሶ። ይህን ስም አይቶ ክው የሚል አንድ ተመስገን ነው። በሕይወት ካለ ያየዋል።

ማክሰኞ

መብራት የለም። የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ብርቱካን በሩ ላይ ሹራብ ትሠራለች። «ሲመጣ አስጠራዎታለሁ አባባ፣ ቤትዎ ይሂዱ» አለችኝ። አልሄድኩም። መብራቱም አልመጣም።

ቤት ስደርስ ታናሽ እህቴ ደስታ ከሀቢቾ መጥታ ተቀምጣለች። ተመስገንን የወሰደው ደላላ ተናግሯል አለች። መኪና ውስጥ ታፍነው የሞቱ አሉ፣ የኛም ልጅ ከእነሱ ጋር ነበር ተብሏል።

«ጋሼ፣ ልጁ ያለ ለቅሶ አይቅር። ቅዳሜ ድንኳን ይተከል።»

ያየው ሰው አለ ወይ አልኳት። የለም። እንግዲያው አላለቅስም አልኩ። እሷ ግን ለእድሩ ነግራ ጨርሳለች።

ረቡዕ

ወጣ። ጌታ ምስክሬ ነው፣ ወጣ። ነጭ፣ ቤት የሚያክል፣ ሸምበቆውን እየገነጠለ። ሮጬ ስደርስ ግን አንድ ሰው ቀድሞኛል፣ ጎሹ ከጎኑ ይደማል።

ቆምኩ። አባቴ ጊቤ በረሃ ጎሽ የገደለ ሰው ነበር። በእኛ ደንብ ቀድሞ ደም ያወጣ ጦር ነው ባለቤቱ። ሰው ያቆሰለውን ወግቶ ገደልኩ የሚል፣ በመንደሩ ቀና ብሎ አይሄድም።

ኤርሚያስ ወንበሩን ወደ እኔ ገፋ። «ምቱት እንጂ፣ ምን ይጠብቃሉ?»

«የሰው ነው።»

«የሰው? ይሄ እኮ የኮምፒውተር ከብት ነው አባባ። ብዙ የመታው ነው ስሙ የሚወጣው።»

ከየት እንደመጡ የማላውቃቸው ተረባርበው ጣሉት። የአንዱ ፈረንጅ ስም ወጣ። መንገዱን ሁሉ ራሴን እየሰደብኩ ተመለስኩ። ግን ነገም ቢሆን አላደርገውም።

ሐሙስ

ዝናብ። ኔትወርኩ ይሄዳል ይመጣል። ከቀበሌው የአንድ ለአምስት ስብሰባ ቀረሁ። ሰብሳቢው መንገድ ላይ ይዞኝ «በዚህ ዕድሜ ከጎረምሳ ጋር ጌም ቤት?» አለኝ። አልፌው ሄድኩ። ጎሹ የለም። ደስታ ያቀረበችውን ቆጮ ሳልነካ ተውኩት። ጎረቤት የለቅሶው ወንበር የት እንደሚደረደር ይነጋገራል፣ እኔ እየሰማሁ።

ጌታ ሆይ፣ ነገ አውጣልኝ።

ዓርብ

አወጣልኝ። ረግረጉ ላይ ብቻዬን ነበርኩ። ጦሬን ጎኑ ላይ ሰካሁ፣ ደሙ ፈሰሰ። የእኔ ሆነ።

ከዚያ ወደ ኋላ አልኩ። በቆሰለ ጎሽ ላይ አይሮጥም፣ ደሙ እስኪያደክመው ይጠበቃል። ስጠብቅ መጡ። እንደ ንብ ሰፈሩበት። ደሙን ያዩታል፣ ጦሬን ያዩታል፣ ደንታም የላቸውም። ወደቀ። የሌላ ሰው ስም ወጣ።

ብርቱካንን ጻፊልኝ አልኳት። አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል አድርጋ ሁሉም በሚያነበው ቦታ ጻፈች፦ «ቀድሜ ደም ያወጣሁት እኔ ሎምቤሶ ነኝ። ሰው የወጋውን አውሬ አትንኩ። ነውር ነው።» አንዳንዱ የሚስቅ ፊት ላከ። ሌላው ምን ቋንቋ ነው አለ። ኤርሚያስ እንኳ አልሳቀም፣ ሻይ አዘዘልኝ።

አለቀ። ነገ ድንኳን ነው።

ቅዳሜ

ጠዋት የእድሩ ሰዎች ምሰሶ ተሸክመው ሲገቡ በጓሮ በር ወጣሁ። ቢያንስ ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብዬ ልጠብቅ ብዬ።

ብርቱካን ገና ሳልቀመጥ «መልስ አለዎት» አለችኝ። የማላውቀው ሰው ነው፣ የጻፈው በአማርኛ። አነበበችልኝ፦

«አባት፣ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ የምንሠራ ሐበሾች ነን፣ ማታ ማታ እንጫወታለን። በቅርብ የመጣ አንድ ልጅ አለ። ሰው የወጋውን አልነካም ብሎ ቆሞ ያያል። ሞኙ ነው የምንለው። እርስዎ የጻፉትን ያንኑ ቃል እሱም ሲል ሰምቼ ነው የጻፍኩት። አገራችሁ አንድ ነው?»

ይህን ደንብ ለተመስገን የነገርኩት እኔ ነኝ። ግን የእኔ ልጅ ብቻ አይደለም የጎሽ ገዳይ ዘር፣ ከሌሞም ከዱራሜም ስንቱ ሄዷል። ብርቱካን እንባዋ መጣ። እኔ አላለቀስኩም። «የአያቱን አባት ስም ጠይቀው በይው» አልኳት። ሎምቤሶ ካለ የእኔ ነው። ጻፈች። ሰውየው ግን ወጥቷል፣ ስሙ ጨልሟል።

ቤት ተመለስኩ። የምሰሶውን ጉድጓድ ቆፍረዋል። አትትከሉ አልኳቸው።

ደስታ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። «እስከ መቼ ነው ጋሼ?»

«ሰውየው እስኪመልስ።»

«የቱ ሰውዬ?»

ብነግራት ጨዋታ ነው ትላለች። ሰዎቹ ተያዩ። አንዱ ሽማግሌ ምሰሶውን ግድግዳው ሥር አጋደመው፣ ሌሎቹም ተከተሉት። አልተከሉም፣ አልወሰዱምም። ነገ ብርቱካን ከቸርች መልስ ትከፍታለች።