ሁለት ላይ ማንን ላድርግልሽ?

ጎንደር፣ አዲስ ዓለም
መጋቢት 14 ቀን 2007 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ኢምራን፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ደኅና ነህ ወይ ብዬ አልጀምርም፤ ደኅና መሆንህንማ በየቀኑ ከምትልክልኝ ማስታወቂያ አውቀዋለሁ። የታመመ ሰው የስልክ ቅናሽ አይልክም።

ይህችን ወረቀት ሙስዓብ በእጁ ያደርስልሃል። አራት ዓመት ሙሉ አንተ ዱባይ የምትገዛውን ስልክ በሻንጣ ሲያመጣልን የኖረ ሰው፣ ዛሬ እኔ በተራዬ ደብዳቤ ብሰጠው ሳቀብኝ። "በቫይበር አትጽፊለትም? አሁኑኑ ይደርሰዋል" አለኝ። ልክ ነው፣ ይደርስሃል። ግን በዚያ የደረሰህን አንብበኸው ይሁን አልፈኸው አላውቅም። ወረቀት ሲሆን ቢያንስ ቁጭ ብለህ ትከፍተዋለህ ብዬ ነው።

ደክሞኛል፣ ኢምራን። ሱብሂ ሰግጄ መስገጃውን ሳላጥፍ ስልኬ መንጫጫት ይጀምራል። ይሄ ሞዴል ሊወጣ ነው፣ የዚያኛው ዋጋ ሊወርድ ነው፣ ይሄ ቅናሽ እስከ ማታ ብቻ ነው። ካሜራው ስንት ነው፣ ሚሞሪው ስንት ነው፣ ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል፤ ይህን ሁሉ ሳላጠና ሱቅ ከከፈትሁ ደንበኛ ይበልጠኛል። የዩኒቨርሲቲ ልጆች ይመጡና እኔ በስም እንኳ ያልሰማሁትን ስልክ ይጠይቁኛል፤ የለም ስላቸው ሰው የሞተብኝ ይመስል በሐዘን ያዩኛል። ያለውን ሳሳያቸው ደግሞ "አዲሱ ሊወጣ አይደል፣ ልጠብቅ" ብለው ይወጣሉ። አባባ፣ አላህ ይርሐመውና፣ በዚሁ ባንኮኒ ላይ አንድ ዓይነት ሬድዮ ሃያ ዓመት ሸጦ ሞተ። ማንም አሮጌ ነው አላለውም።

መምህር ወልደ ገብርኤልን ታስታውሰዋለህ። ስልክ ይረክሳል ብሎ መጠበቅ ከጀመረ ሦስት ዓመቱ ነው። የራሱን ባትሪ በላስቲክ አስሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ ይላል፣ የሰሞኑን ወሬ ይጠይቀኛል፣ እነግረዋለሁ፣ "እንግዲያው ትንሽ ልታገሥ" ብሎ ይሄዳል። በቀደም መጥቶ፣ "ዐዚዛ፣ የሚመጣውን ስጠብቅ የያዝሁት አለቀብኝ" አለኝ። እሱ ያለው ስለ ባትሪው ነው፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ስብሰለሰልበት ዋልሁ።

የጻፍሁልህ ለዚህ ብቻ አይደለም። አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ፤ ለአንተ ካልሆነ ለማን እንደምነግረው አላውቅም።

እትዬ እናኑን አትረሳትም፤ ከመካነ ብርሃን በላይ ካለው ደጋ የምትመጣዋን፣ የአያ ውዱን ሚስት። የመጀመሪያ ስልኳን የሸጥህላት አንተ ነህ። ፊደል ላልቆጠሩ ሰዎች የምታደርግላቸውን አደረግህላት፤ ስም ማንበብ ሳያስፈልግ፣ ሁለት ቁጥርን ተጭነው ሲይዙ ለአንድ ሰው፣ ሦስትን ሲይዙ ለሌላ ሰው እንዲደውል አድርገህ ማስተካከል። አንድ ቁጥር የስልኩ የራሱ ነው ትል ነበር፤ ስለዚህ ዋናው ሰው የሚቀመጠው ሁለት ላይ ነው።

"ሁለት ላይ ማንን ላድርግልሽ?" ስትል ሰው ሁሉ ይቆም ነበር። ስልኩን ለመምረጥ ያልፈጀበትን ጊዜ ሁለት ላይ የሚቀመጠውን ሰው ለመምረጥ ይፈጅበታል። ልጆቹን በሐሳቡ ደርድሮ ሲያማርጥ ፊቱ ላይ ይታያል። አንዳንዱ አብሮት የመጣው እንዳይሰማ ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብሎ በጆሮህ ነበር የሚነግርህ።

እትዬ እናኑ ግን አላመነታችም። "ይመኙሽን" አለች። ልጇ ይመኙሽ ያን ጊዜ ቤይሩት ለቤት ሠራተኝነት ከሄደች ወር አልሞላትም ነበር። አያ ውዱ አጠገቧ እንደ ቆመ፣ "እሱንስ?" ብትላት፣ "እሱማ ከጎኔ ነው፤ ብጣራው ይሰማል" አለችህ። "ምነው፣ ሦስት እንኳ አይደርሰኝ?" አለ አያ ውዱ። ሦስት ለደብራቸው ቄስ ሆነ። በዚያ ሰማያዊ ደብተርህ ላይ ጻፍኸው፤ ሁለት ይመኙሽ፣ ሦስት ቄሱ።

ሌላም ሕግ ነበረህ። ማንም ሰው በራሱ ጣት ደውሎ፣ በራሱ ጣት አንሥቶ ሳያየው ከሱቃችን አይወጣም። ወረፋው እስከ በር ቢደርስም። ይህን ከአባባ ነው የወረስኸው፤ እሱም ገዥው ራሱ ጣቢያውን ፈልጎ ካላገኘው ሬድዮውን አይጠቀልልለትም ነበር።

እኔ ይህን ሕግ በጥምቀት ሰሞን አፈረስሁት።

በጥቅምት በኢንተርኔት ትልቅ ቅናሽ አገኘሁ ብለህ ቁልፍ የሌለው አርባ ተች ስልክ መግዛትህን ታውቃለህ። ሙስዓብ በሦስት ጉዞ አመጣቸው። በታኅሣሥ ደግሞ አንተው ራስህ "ቶሎ ጨርሺያቸው፣ በየካቲት አዲሱ ይወጣል፣ እነዚህ ይወድቃሉ" ብለህ ጻፍህልኝ። የጥምቀት እንግዳ ከተማውን ሲሞላው በር ላይ ጽሑፍ ለጠፍሁ፤ አሮጌ ስልክዎን ይዘው ይምጡ፣ አዲስ ይዘው ይሂዱ የሚል።

እትዬ እናኑ ልትገዛ አልመጣችም። ለበዓሉ ከደጋ ወርዳ ነው፣ ሰላም ልትለኝ ብቻ ነበር የገባችው። ስልኳ ደኅና ነበር። ሁለት ቁጥሯ በአውራ ጣቷ ብዛት ተፍቆ ጠፍቷል እንጂ ሌላ ጉድለት አልነበረበትም።

"በዚህኛው የይመኙሽን ፊት ታይበታለሽ" አልኋት።

"ፊቷን?"

"ፊቷን።"

በእነሱ ቀበሌ እንኳን ፊት ሊታይበት፣ ድምፅም የሚሰማው ኮረብታ ላይ ወጥተው እንደሆነ አውቃለሁ። እያወቅሁ ነው ያልኋት። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። አሮጌውን አስረክባኝ ከላዩ ጨመረችበት። ሰው ከኋላዋ ተሰልፎ ነበር፤ ቸኮልሁ። ሲጮኽ አረንጓዴውን ወደ ጎን መግፋት ብቻ ነው ብዬ በእኔ ጣት ሁለት ጊዜ አሳየኋት። "ሸጋ ነው" ብላ ሄደች።

መጋቢት በገባ በአራተኛው ቀን፣ ዓርብ፣ ስልኩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መጣች። ደባርቅ አድራ ነው የመጣችው። ቋጠሮውን ፈትታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችውና፣ "ልጄ፣ ምነው ይሄ ነገር እኔን አይሰማኝም?" አለችኝ።

"ምን ሆነ?"

"እሑድ እሑድ ይጮኻል። እገፋዋለሁ። አይሄድልኝም።"

ይመኙሽ ስልክ የምትይዘው እሑድ ብቻ ነው፤ አሠሪዋ በሌላው ቀን ትቀማታለች። ልሞክረው ብዬ ከሱቁ ስልክ ወደ እሷው ስልክ ደወልሁና ጮኸ። እትዬ እናኑ ጣቷን አሳርፋ ገፋች። ምንም የለም። ጣቷን በምራቋ አርሳ፣ በነጠላዋ ጠርጋ፣ ደግማ ገፋች። ምንም የለም። ጎንበስ ብዬ ጣቷን አየሁት። ከአፈርና ከብርድ ጋር የኖረ ጣት ነው፤ ጫፉ ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ፣ ቅርፊት ሆኗል። ስልኩ ጣት መሆኑንም አላወቀም። እኔ በጣቴ ነካ ባደርገው ወዲያው ተከፈተ። የእኔን ጣት አየች፣ የራሷን ገልብጣ አየች።

"እጄን ጠልቶት ነው?" አለችኝ።

አያ ውዱም ሞክሯል፤ የእሱ ጣት ከእሷ ይብሳል። ቄሱም ያው ገበሬ ናቸው። አንድ ጎረቤት የጎኑን ቁልፍ ሲነካካ ጭራሽ ድምፁን አጥፍቶት ሁለት እሑድ ሳይጮኽ ቀረ። ለምን ወዲያው አልመጣሽም ብላት፣ "እንስሳም ሲገዛ እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል፤ ይለምደኝ ይሆናል ብዬ" አለችኝ። ያልተነሡትን ጥሪዎች ከፍቼ ቆጠርኋቸው። ሃያ ሦስት ነበሩ፤ ሁሉም ከአንድ ቁጥር።

እስከ እሑድ እኛ ቤት አሳደርኋት። ጾም መሆኑ በጀን፣ የማን ሥጋ ይበላል የሚባል ነገር ሳይነሣ ከአንድ ትሪ ሽሮ በላን። እሑድ ረፋድ ላይ እኔ ደወልሁና ድምፁን ከፍ አድርጌ በመካከላችን አስቀመጥሁት። ይመኙሽ አነሣች።

"እማዬ? አለሽ?"

"አለሁ፤ ምነው አልኖር?"

"ምነው ታዲያ አላነሣሽልኝም? የተቆጣሽኝ መስሎኝ ነበር።"

እትዬ እናኑ ስለ ጣቷ ልትነግራት ጀመረችና ተወችው። "ተይው እሱን። ምን ሆነሽ ነው ስትደውይ የከረምሽው?"

"ኮንትራቴ አልቆ ነበር። ልምጣ ወይስ ልጨምር ብዬ ልጠይቅሽ ነበር፣ እማዬ። በየእሑዱ ደወልሁ። ዝም ስትይኝ፣ ገንዘቡን ፈልጋ ነው፣ ቅሪ ማለት ከብዷት ነው አልሁ። ባለፈው ሰኞ ፈረምሁ።"

"ስንት?"

"ሁለት ዓመት።"

እትዬ እናኑ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "ነይ ነበር የምልሽ" አለች።

ኢምራን፣ እኔ ያን ጊዜ ከክፍሉ ወጣሁ። ማልቀስ የሚገባት እሷ ነበረች፤ ያለቀስሁት ግን እኔ ነኝ። ስመለስ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። "የድሮዋን መልሽልኝ" ብቻ አለች። የድሮዋን ከሌሎቹ አሮጌዎች ጋር ለመለዋወጫ ሸጫታለሁ። እሷን የምትመስል ባለ ቁልፍ ስልክ ፈልጌ አወጣሁ። ሰማያዊ ደብተርህን ከመሳቢያው ሥር አገኘሁት፤ አቧራውን አራግፌ ገጿን ገለጥሁ። ሁለት ላይ ይመኙሽን፣ ሦስት ላይ ቄሱን አስገባሁላት። በዚህ ጊዜ በራስሽ ጣት ካልደወልሽና ካላነሣሽ አትወጪም አልኋት። አውራ ጣቷን ሁለት ላይ አሳርፋ ያዘች፤ ደወለ። እኔ ስደውልላት ደግሞ አነሣች። "ይሄስ ይሰማኛል" አለች። ሰኞ ጠዋት በደባርቅ መኪና ሸኘኋት።

በሁለተኛው ቀን የአንተ መልእክት መጣ። ስልሳ ፍሬ፣ የመጨረሻው ቅናሽ፣ እስከ ማታ ብቻ፣ ወስኝ።

መልስ ልጽፍልህ ከፈትሁና ሳልጽፍ ወደ ላይ መመለስ ጀመርሁ። አራት ዓመት ሙሉ የተጻጻፍነውን አነበብሁት። ስንት ነው፣ ወረደ፣ ላክሁ፣ ደረሰ፣ ስንት ቀረ። አባባ በሞተ ሰሞን አራት መስመር ስለ እሱ ተጻጽፈናል፤ አምስተኛው ስለ ስክሪን መሸፈኛ ነው። እየወጣሁ የዛሬ ሁለት ዓመት ዒድ ላይ ደረስሁ። እዚያ ቦታ፣ "ዐዚዛ፣ እዚህ ሰልችቶኛል" የሚል ጽፈህልኛል። ከሥሩ የአንድ ስልክ ማስታወቂያ አያይዘሃል። እኔ ምን ብዬ እንደ መለስሁልህ ታስታውሳለህ? "ስንት ይገባል?" ነው ያልሁህ።

የላይኛውን መስመር ሳላየው አይደለም። አይቼዋለሁ። ኋላ እመልስለታለሁ ብዬ ነው፤ ያን ቀን ቅናሹ እስከ ማታ ነበር። እትዬ እናኑ ጣቷ እንቢ ብሏት ነው ያላነሣችው። የእኔ ጣት ደኅና ነበር።

አሁን የምልህን በትዕግሥት አንብበው። የስልሳው ቅናሽ መቼም ያን ማታ አልፏል፤ ሌላ ቢመጣም አትግዛ። ደብተርህን ይዤ ከደጋው ለሚመጡ ደንበኞች ተች ስልክ የሸጥሁላቸውን እየፈለግሁ ነው፤ እስካሁን አሥራ አንድ ሰዎች አግኝቻለሁ፤ ሲመጡ ባለ ቁልፍ እመልስላቸዋለሁ። የተረፉትን ስልኮች የዩኒቨርሲቲ ልጆች ቀስ ብለው ይገዟቸዋል፤ ባይገዟቸውም ግድ የለም። ከጎናችን የተከፈተው ሱቅ ቀድሞን ሊሄድ ነው፤ ይሂድ። ከዚህ በኋላ ምን ሊወጣ እንደሆነ፣ ምን ሊወድቅ እንደሆነ ማወቅ አልፈልግም። መምህር ወልደ ገብርኤል መጥቶ ሲጠይቀኝም አላውቅም አልሁት፤ ትንሽ ቅር አለውና አንዱን ባለ ቁልፍ ገዝቶ ሄደ።

ሲም ካርዴንም ከዚያ ከትልቁ ስልኬ አውጥቼ ባለ ቁልፍ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ማስታወቂያ ብትልክልኝ አይከፈትልኝም፤ የሚሠራው ለድምፅ ብቻ ነው። የአንተን ጥያቄ ለራሴ ጠየቅሁ፤ ሁለት ላይ ማንን ላድርግልሽ አልሁ። እንደ እትዬ እናኑ አላመነታሁም። በራሴ ጣት ሞክሬዋለሁ፣ ይጠራል። አላነሣህም፤ ሥራ ላይ ነበርህ መሰለኝ። የአንተ ሁለት ላይ ማን እንዳለ ግን እስከ ዛሬ ጠይቄህ አላውቅም።

ለስንት ዓመት እንደ ፈረምህም አላውቅም። ያ በዒድ የጻፍኸው ልምጣ ወይስ ልጨምር ማለት ከነበረ፣ መልሱ ሁለት ዓመት ዘግይቶ ይኸው በወረቀት ደረሰህ።

ና።

እህትህ ዐዚዛ፣
ከአባባ ሱቅ