የወይጦ ደም

ጂንካ፣ ጥቅምት 1979 ዓ.ም.

ልጄ አይናለም፣ በሰው አገር የሚጠብቅሽ ጌታ ስሙ ይባረክ። እኛ ደህና ነን። ላሟ ወልዳለች። ጸሎት ቤታችን እንደታሸገ ስለሆነ ጸሎት አሁንም በየቤታችን ነው፤ ምክንያቱን ታውቂዋለሽ።

ደብዳቤሽን ወንድምሽ ዶላሞ አነበበልኝ። የወባ ተውሳክ ደማችን ውስጥ ስኳር ፈጭቶ የሚበላበት ኢንዛይም አለው፤ ሰውነታችን ያንን ኢንዛይም እንዲያጠቃ የሚያስተምር ክትባት እየፈለግን ነው ብለሻል። እኛ ስኳር ከቀበሌ ተሰልፈን ስናገኝ፣ እሱ ከደማችን ይበላል ማለት ነው። ይሁን።

ደም ይወስዳሉ ያልሻቸው ባልደረቦችሽ እርሻችን ያለበት ወይጦ ሸለቆ መጡ። የልጄ እንግዶች ናቸው፣ የታመመ ደም ሰጥተን አናሳፍራትም ብዬ ሳምንት ቀደም ብዬ ወረድኩና እዚያ የሚያርሰውን ዶላሞንም፣ አብረውት የሚያርሱትንም የወባውን ክኒን፣ ክሎሮኪን አስዋጥኳቸው። የዶላሞ ልጅ ተናኜ እንኳ መረረኝ እያለች ጨረሰችው።

ሰዎቹ ደሙን በማይክሮስኮፕ አይተው ተውሳክ አጡበት። ደስ ይላቸዋል ስል ፊታቸው ጠቆረ። አንደኛው፣ «እማማ፣ የታመመ ሰው የለም እንዴ?» አለኝ።

በሰው ጤና የሚከፋው ሐኪም አይቼ አላውቅም። በሽተኛ ለምን ፈለጉ? የክትባቱ መርፌ ተሠርቶ ሲያልቅስ መጀመሪያ የሚወጋው ማን ነው? እሱን አልጻፍሽልኝም።

ጠይቀሽ ጻፊልኝ። አንቺን እንውጋሽ ካሉሽ ክንድሽን አትስጪያቸው። ጌታ በክንፉ ይሸፍንሽ፣ በጤና ያገናኘን። ወባ ታላቅ እህትሽን ወስዶብኛል፤ ቢሆንም አመሉን አውቀዋለሁ። የእነሱን አላውቅም።

እናትሽ የሺመቤት