የጎደለው አምስተኛ

ለምትናፍቂኝ እኅቴ፣ ለእታለም ወለላ፤
ሎጊያ

እንዴት ሰነበትሽ እታለም? የሎጊያ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? ወገብሽንስ ተሻለሽ ወይ? ምግብ ቤቱስ፣ ባለቤትሽስ፣ ትንሹ የአብስራስ? እኛ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና አለን። እማዬ ደህና ናት። አባባም ከዓይናቸው በቀር ደህና ናቸው። እኔም ከግራ እጄ ሌባ ጣት በቀር ደህና ነኝ፤ የጣቴን ነገር እደርስበታለሁ።

በስልክ ያልነገርሁሽ፣ እማዬ አንቺ በደወልሽ ቁጥር ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ጎረቤቱን ሁሉ ስለምትሰበስብ ነው። ይህን ግን ለብቻሽ እንድታነቢው ጋሸና ድረስ ወርጄ ሎጊያ ለሚመላለሰው ሾፌር ለመሐመድኑር እሰጠዋለሁ። በሞቴ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ማስተርሴን ጨርሼ በኅዳር መጨረሻ ቤት ስገባ እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር መሰለሽ! ጦርነት እያቆራረጠው ሁለቱ ዓመት አራት የሆነብኝ ትምህርት አለቀ። ጥር ላይ ኮን ከተማ ሥራ እስክጀምር ድረስ "ጽሑፍህ የት ደረሰ?" የሚለኝ የለም። ጠዋት ግድግዳ ተደግፌ ፀሐይ እየሞቅሁ እማዬ የቆላችውን ሱፍ የገባበት የገብስ ቆሎ እቆረጥማለሁ። አውድማ ላይ በሬ ስነዳ ገለባው አንገቴ ገብቶ ሲያሳክከኝ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ደስታው ሳምንት አልሞላም።

ቤተ ክርስቲያናችን እንደምታውቂው ያላት ሁለት ቄስ ነው፤ አባባና ጎረቤታቸው። ዲያቆን ሁለት ቀርቷል፣ ሦስተኛው እኔ ነበርሁ። አምስት ካልሞላ ደግሞ ቅዳሴ የለም። እኔ ትምህርት ላይ ሳለሁ ከማዶው ደብር አንድ ዲያቆን እየተዋሱ ይቀድሱ ነበር። ስመጣ ግን አባባ ደስ ብሏቸው፣ እኔን ሳይጠይቁ፣ "ልጄ መጥቷል፤ ከእንግዲህ አናስቸግራችሁም" ብለው ለደብሩ አለቃ ላኩባቸው።

እታለም፣ እኔ ከእንግዲህ መቀደስ አልችልም። አብራኝ ከተማረች ልጅ ጋር፣ ከኤልሳቤጥ ጋር፣ ሳንጋባ... ይገባሻል፤ ለታላቅ እኅት ከዚህ በላይ አይጻፍም። እወዳታለሁ፣ ላገባትም ነው። ለንስሐ አባቴ ነግሬ ቀኖናዬን ፈጽሜአለሁ፤ ቀኖና ግን የፈረሰ ድቁና አይመልስም። እንዲህ ሆኜ መቅደስ መግባት በእሳት መጫወት ነው። አልገባም ካልሁ ደግሞ አባባ ለምን ሊሉኝ ነው።

እኔም ውሸት መረጥሁ። የመጀመሪያው እሑድ አሞኛል ብዬ ተኛሁ። ቅዳሴው ታጎለ። የአርባ ቀን ልጇን ልታስጠምቅ ከቆላ የወጣች ሴት እንዲሁ ተመለሰች። በደጃችን ስታልፍ ሕፃኑ ሲያለቅስ ብርድ ልብሴ ውስጥ ሆኜ ሰማሁት። ሁለተኛው እሑድ ሲደርስ ግን ምን እንዳደረግሁ ልንገርሽ፤ የሚደማ ሰው መቅደስ አይገባምና፣ ቅዳሜ ከሰዓት ለበሬዎቹ ሣር ሳጭድ አውቄ ጣቴን በማጭድ ቆረጥሁት። ካሰብሁት በላይ ገባ። እማዬ በጨርቅ እየጠቀለለች፣ "የተማረ ይግደለኝ ይላሉ፤ የእኔው የተማረ ራሱን ሊገድል ነው እንዴ!" ብላ ሳቀችብኝ። አባባ አልሳቁም። እጄን ይዘው ጨርቁን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉና "ለገብርኤል ይድናል" አሉ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል እንዲሉ፣ የሚቀጥለው እሑድ ዓመታዊው ገብርኤል ነበርና ሰበብ አለቀብኝ።

ሐሙስ ዕለት አባባ ልብሰ ተክህኖዬን ከሳጥን አውጥተው ፀሐይ ላይ አሰጡት። ዓይናቸው ስለደከመ ብል እንዳልበላው የሚያዩት በእጃቸው እየዳሰሱ ነበር። ያን ሳይ አልቻልሁም፤ እግራቸው ላይ ወድቄ ሁሉን ነገርኋቸው። አልተቆጡም። ምነው በተቆጡኝና በገላገሉኝ! ልብሱን አጣጥፈው ወደ ሳጥኑ መለሱት። እማዬም መሶቡን አቅርባልኝ ፊቷን አዞረች። ዓርብ ጠዋት አባባ በትራቸውን ሰጡኝና፣ "ሂድ፤ ዲያቆኑን አንተው ለምነህ አምጣ" አሉኝ።

ማዶው ደብር የሦስት ሰዓት አቀበት ነው። አለቃው ሰው በተሰበሰበበት "አንተ እያለህ የምን ዲያቆን?" አሉኝ። በመምህራኑ ሁሉ ፊት ጽሑፉን ሲያቀርብ ያልተንተባተበው ወንድምሽ ምላሱ ተሳሰረ። እንደ ምንም ብዬ "ድቁናዬ ፈርሷል፣ አባቴ" አልሁ። ሰዎቹ አቀረቀሩ። አለቃው ሁለት ዲያቆን ሰጡኝ። "ምናልባት አንዱ ቢያመው ብዬ ነው" አሉ።

የገብርኤል ዕለት ተቀደሰ። ያቺ ሴትም ልጇን አስጠመቀች። እኔ ከሕዝቡ ጋር ቆሜ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማዜመውን ሌላው ሲያዜመው ሰማሁና አለቀስሁ። ኀፍረት ብቻ አይደለም፣ እታለም፤ ቀሎኝም ነበር።

ከዝክሩ ስንመለስ አባባ ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሜ ጠሩኝ። "የልጅቱ የክርስትና ስም ማን ነው? በምን ስም ላስባት?" አሉኝ። ወይ ጉዴ! በሻይዋ ስንት ማንኪያ ስኳር እንደምትጨምር አውቃለሁ፣ የጫማ ቁጥሯን አውቃለሁ፤ የክርስትና ስሟን ግን በአራት ዓመት አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም። "ይህን እንኳ ሳትጠይቃት ነው?" አሉ። የአለቃው ጥያቄ እንደዚህ አላሳፈረኝም።

ትናንት ኔትወርክ ደህና ወደሚይዝበት ጉብታ ወጥቼ ደወልሁላት። ለምን እንደጠየቅኋት ስነግራት አልቅሳ ነገረችኝ። ለአባባም አደረስሁ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

እማዬ ጉንጭሽን ስማለች፤ ወገብሽን በቅቤ ታሺው ብላለች። የአብስራን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ለባለቤትሽ እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። አባባ ሰላምታ በይልኝ አላሉም፤ ዛሬ ጠዋት ግን ጸሎት ሲያደርሱ በር ላይ ቆሜ ሰማኋቸው። አመተ ሥላሴን ብለው አንቺን ጠሩ። ቀጥለው እኔን ጠሩ፤ ዲያቆን ሳይሉ፣ በስሜ ብቻ። ከዚያ ወለተ ሩፋኤልን አሉ።

ወንድምሽ ደሳለ ፈንታው
ላስታ፣ ከጋሸና በላይ፣ ከአባባ ቤት
ታኅሣሥ 21 ቀን 2018 ዓ.ም.