የቀረው አምስተኛ ቃል

ሐሙስ፣ ኅዳር 12
ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ነሽ እናቴ? ብርዱስ ቀለል አለልሽ? እኔ ደህና ነኝ ልልሽ እስክሪብቶ አነሳሁና አቃተኝ። ደህና አይደለሁም፣ ፈርቻለሁ። ደውዬ እንዳልነግርሽ ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ እናትሽ ደግሞ ዓይኗ ቢደክምም ጆሮዋ የድመት ነው። ስለዚህ ይህን ጽፌ በስልኬ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ።

እናትሽ የስኳር መርፌዋን ካቆመች ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። አንቺ ብርቱካን ላይ እያለማመድሽ ያስተማርሻትን፣ አሥራ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ያላጓደለችውን መርፌ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማክሰኞ ዕለት ጋዜጣችን በፊት ገጹ «የስኳር መርፌ ሰው ገደለ» ብሎ ወጣ። ከሥሩ ያለው ዜና ሌላ ነው። ሰውየው የተወጋው መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ፣ ኃይሉን ያጣ መድኃኒት ነበር። የሞተው መርፌው ስላልሠራለት ነው። ይህን ለማወቅ ግን ደቃቁን ጽሑፍ ማንበብ ያስፈልጋል። የእናትሽን ዓይን ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ የሚታያት ርዕስ ብቻ ነው።

ዓይኑ ደህና የሆነውም ቢሆን ከርዕሱ አልወረደም። ፀጉር አስተካካዬ መቀሱን ጆሮዬ ሥር እያንቀጫቀጨ «ድሮም እነዚህን ሐኪሞች አላምናቸውም» አለኝ። ትናንት ጤና ጣቢያ ሄጄ ነርሷን ምን ላድርግ ብዬ ባማክራት፣ ከማክሰኞ ወዲህ የስኳር መድኃኒት ከሚወስዱት አሥራ አንድ ሰው እንደቀረባት ነገረችኝ። «ያንን ርዕስ የጻፈውን ሰው ባገኘው የምለውን እኔ ነኝ የማውቀው» አለች። «እውነትሽን ነው» ብዬ ኮፍያዬን ዝቅ አድርጌ ወጣሁ።

ዛሬ ጠዋት እርማት ወጥቷል። ሰባተኛው ገጽ ላይ፣ ከሐዘን ማስታወቂያዎቹ ሥር፣ ጉንዳን በሚያህል ፊደል። ለእናትሽ አነበብኩላት። ጋዜጣውን ተቀብላ ዓይኗ ድረስ አስጠጋችውና መለሰችልኝ። «አንተ ደግሞ እኔን ለማስወጋት ከራስህ ፈጥረህ ታነባለህ» አለችኝ።

ልጄ፣ ሃያ ስድስት ዓመት እዚያ ጋዜጣ ቤት ምን እንደምሠራ ታውቂያለሽ። ዜና አልጽፍም፣ ርዕስ ነው የማወጣው። ሰኞ ለዚያ ዜና የተተወልኝ ቦታ አራት ቃል ብቻ የሚይዝ ነበር። አምስተኛው «የተበላሸ» የሚለው ነበር። ፊደሉን ባሳንሰው ይገባ ነበር፤ ትልቅ ፊደል ዓይን ይስባል ብዬ ቃሉን ጣልኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ከማተሚያ ቤት የወጣውን እንግዲህ አንቺው አስቢው።

ለእናትሽ አልነገርኳትም፤ ሆድ ይፍጀው አልኩ። እርማቱን አላምን ስትለኝ ግን ጨነቀኝና «ርዕሱን ያወጣው ምንም የማያውቅ ሰው ነው፣ አትስሚው» አልኳት። ትክ ብላ አየችኝ።

«ያንተ መሆኑንማ ገና ሳየው አውቄዋለሁ» አለች። «ስንት ዓመት ሳነብህ ኖሬ? ያንተ ባይሆን መች አምን ነበር?»

ከዚያ ወዲህ ተኝታለች። ስትነቃም እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል፤ ትንፋሿ ከበድ ብሏል። ውሃ አያረካትም፣ በነቃች ቁጥር እየተነሳች ፍሪጅ ትከፍታለች። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት «እዚያ ይወጉኛል» ትላለች። ደውይላት እናቴ፣ ያንቺን ትሰማለች። አባዬ ተሳስቷል በያት፤ እኔን ብለሽ እንዳትሸፋፍኚው።

እኔም የምችለውን አድርጌያለሁ። በወፍራም ማርከር «የሰውየው የተበላሸ ነበር። ያንቺ ደህና ነው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ተወጊ።» ብዬ ጽፌ አሁን እንደተኛች የፍሪጁ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ቃል አልቆጠርኩም። ቦታ አልበቃኝ ብሎ ሁለት ወረቀት ቀጥያለሁ።

ፈጣሪ በሄድሽበት ሁሉ ይጠብቅሽ፣ ክፉ አይንካሽ። ለእኔ ከቆጠረልኝ ዕድሜ ቀንሶ ለእናትሽ ይጨምርላት፣ አሜን በይ።

አሁን ከአልጋዋ ስትነሳ ሰማኋት። ነጠላ ጫማዋ እየተጎተተ ወጥ ቤት ገባ፣ ፍሪጁ ፊት ቆመ። ብዙ ቆየች። በሩ ተከፈተ። መርፌዋም ውሃዋም ያሉት እዚያው ነው፤ የቱን እንዳነሳች ይህን ልኬልሽ ሄጄ አያለሁ። ቶሎ ደውይ።

የሚወድሽ
አባትሽ