የፊሉ ብስኩት

ታኅሣሥ 11 ቀን 2003

ሰኞ። ሙቀቱ ደህና ነው። ከባሕር ንፋስ አለ፣ ሸሚዝ አይረጥብም።

የዛሬ ዝርዝር፦
1. ዓሣ፣ ትኩስ ከሆነ ብቻ
2. ለዝማሬ ደብተር፣ ካሬ ካሬ ያለው
3. የአይጥ መርዝ ለኻሊዳ ክፍል
4. ሙሲዬን ስለ ደብዳቤው ማስታወስ

አራተኛው አልተደረገም። ሳሎን ገብቼ ወጣሁ። ስልክ ላይ ነበር... ነገ።

የመኖሪያ ካርዳችን ጃንዋሪ 10 ያልቃል። የኔም የዝማሬም። አባቴ በባቡር መጥቶ ሐዲድ ላይ አረጀ፣ እኔ እዚሁ ጅቡቲ ተወለድኩ፣ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ዛሬም በየዓመቱ የአሠሪ ደብዳቤ፣ ምግብ የማበስልለት የሙሲዬ። ደብዳቤ ከሌለ ካርድ የለም። ካርድ ከሌለ ልጄ በሰኔ ለባክ፣ ለሁለተኛ ደረጃ መጨረሻ ፈተና፣ አትቀመጥም። ይሄን ስንት ጊዜ ጻፍኩት? ስጽፈው ቀለል ይለኛል።

ማዳም፣ የሙሲዬ ሚስት፣ ከመጽሔት የቀደደችው ገጽ ሰጠችኝ። ለኖኤል፣ ለፈረንጅ ገና፣ ለውሻው ብስኩት ጋግር፣ ፍራፍሬ ያለበት። በአጥንት ቅርጽ። ሳቄን ዋጥኩ። ፊሉ ነጭ ነው፣ ድመት ነው የሚያክለው፣ አሥራ ሦስት ዓመቱ። ልጆቿ ፈረንሳይ ናቸው። ዘንድሮም አይመጡም። እሱ ነው የቀራት።

ታኅሣሥ 13

ቡላኦስ ገበያ። አጃ፣ እንቁላል፣ ፖም (የተጨማደደ፣ ግን ፖም)፣ ካሮት። ገጹ ላይ ያለውን ቀይ ፍሬ አንድም ሰው አያውቀውም። አብዱላሂ ሱቅ ገጹን አሳየሁት። ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየ።

«ይሄ ለውሻ ነው?»

«አዎ።»

«ኖኤል የሚያከብር ውሻ! እኔ በሚቀጥለው ጊዜ ፈረንጅ ቤት ውሻ ሆኜ ነው የምፈጠረው።»

ገጹ ላይ ሦስት ክልክል አለ። ስኳር፣ ጨው፣ ቸኮላት። ሦስቱንም አሰመርኩባቸው።

ለሙከራ ስድስት ጋገርኩ። ጾም ስለሆነ አልቀምስም፤ እንቁላል አለበት። ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ እስከ ገና ቀማሼ ኻሊዳ ናት። የቤቱ ሠራተኛ፣ የወሎ ልጅ፣ ሃያ ሦስት ዓመቷ፣ እዚያው የምታድር። ሶሱን፣ ሾርባውን፣ ጨውን እሷ ቀምሳ ትነግረኛለች። ምላሷን ከኔ ምላስ በላይ አምናለሁ። ካርድ የላትም። በበረሃ በእግሯ ነው የመጣችው።

«ይሄንም ልቅመስ? የውሻ እኮ ነው ጋሼ።»

«ውሻው አልነካውም።»

«እንዲያ ከሆነ ቢስሚላህ።» አኘከች። አኘከች። «ካርቶን ነው! ለበዓል ካርቶን ይሰጣል? ለውሻም ይታዘንለታል እኮ።»

ስኳር ክልክል ነው አልኳት። ታዲያ የሚያጣፍጥ ፍሬ ጨምርበት አለች። የቀይ ፍሬው ቦታም ባዶ ነው... ዘቢብ አልን። ዘቢብ ምን ክፉ አለው? ቤተ ክርስቲያን ለቁርባን የምንሰጠው ነው።

ታኅሣሥ 15

አርብ። ጋገርኩ። አርባ ስምንት። ዘቢቡን ለሁለት ለሁለት ከፍዬ፣ ጥርሱ ደካማ ስለሆነ። ኻሊዳ ቀመሰች። «አሁን ብስኩት ሆነ!» ብላ ሁለተኛ ደገመች።

ማዳም በሪባን አሰረችው። ደስ ብሏት ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። በዚያው ስለ ደብዳቤው አነሳሁ። ባለቤቴ ከአዲስ ዓመት በፊት ይፈርማል አለች። ከአዲስ ዓመት በፊት ማለት መቼ? አልጠየቅኩም።

ታኅሣሥ 16

የነሱ ኖኤል። ፊሉ ሪባኑን ራሱ ፈታ። ሲበላ ጅራቱ የጠረጴዛውን እግር ይመታል። ማዳም ፎቶ አነሳች፣ ለልጆቿ ላከች። ሃያ የሚሆን በላ፣ ከልካይ የለም። እጄን ላሰኝ። እንደዚያ ደስ ያለው ፍጡር ካየሁ ቆየሁ።

የኻሊዳንም እጅ ላሰ። ሮጣ ወደ ጓሮ። የውሻ ምራቅ ሲነካት ሰባት ጊዜ ነው የምትታጠበው፣ አንዱን በአፈር። አፈሩን በጣሳ አስቀምጣለች። ማዳም በመስኮት አየቻት። «ውሻዬን ትጠየፋለች።» ሃይማኖቷ ነው ማዳም አልኩ። የገባት አልመሰለኝም።

ታኅሣሥ 17

ፊሉ አስመለሰው። ሦስት ጊዜ። በዓል ነው፣ ጠግቦ ነው አልን።

ታኅሣሥ 18

ውሃም አልጠጣ አለ። ሽንት የለም። ማዳም ወለሉ ላይ ከጎኑ ተኝታለች። ሾርባ ሠርቼ በማንኪያ... አልዋጠም።

ታኅሣሥ 19

ሞተ። የእንስሳት ሐኪሙ ኩላሊቱ ነው አለ። የሚመርዝ ነገር በልቷል፣ ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም፣ ቤታችሁን ፈልጉ ብሎ ሄደ።

ማዳም እንደ ሰው አለቀሰች። እንደ ሰው ማለቴ... እኛ ለሰው እንደምናለቅሰው። የዝማሬ እናት ስትሞት እኔ እንደዚያ ነበርኩ።

ጓሮ ቀበርነው። ጉድጓዱን እኔ ቆፈርኩ። ኻሊዳ ውሃ አመጣችልኝ። «ምስኪን» አለች። «መጥፎ ውሻ አልነበረም ወላሂ።»

ታኅሣሥ 20

ቤት። ሰፈራችን ካርቲየ 6። ዝማሬ ከኢንተርኔት ቤት ተመለሰች። የውሻው ነገር አሳዝኗት ምን እንደገደለው ልትፈልግ ሄዳ ነው። ፊቷ ልክ አልነበረም።

«አባዬ፣ ብስኩቱ ውስጥ ምን ነበር?»

ነገርኳት። አጃ፣ እንቁላል፣ ፖም፣ ካሮት...

«ሌላስ?»

«ዘቢብ።»

ይዛ የመጣችውን ወረቀት ፊቴ አስቀመጠች። በፈረንሳይኛ ነው፣ አምስት መስመር። ዘቢብ ለውሻ መርዝ ነው። ኩላሊት ያቆማል። ትንሽ ውሻ በእፍኝ ይሞታል። ሰውን ምንም አይለው።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስተኛ አነበብኩት። እፍኝ... እኔ የጨመርኩት አራት እፍኝ ነው።

«ነገ ትነግራቸዋለህ አይደል?»

«እነግራቸዋለሁ።»

ታኅሣሥ 21

ስገባ ማዳም ወጥ ቤት ቆማ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የአይጥ መርዝ። ከኻሊዳ አልጋ ሥር ያገኘችው። እኔ የገዛሁት ፓኬት። ኻሊዳ በሩ ጋ፣ እጇ ሳሙና እንደያዘ።

ፈረንሳይኛ አታውቅም። ማዳም አማርኛ አታውቅም። አስተርጓሚው እኔ።

ማዳም፦ ይሄ ምንድነው?

ኻሊዳ፦ «ለአይጥ ነው። ጋሼ ያውቃል።»

እኔ፦ ለአይጥ ነው ትላለች።

ያ ነው ያልኩት። ለአይጥ ነው ትላለች። ጋሼ ያውቃል የሚለውን ሁለት ቃል... ዘለልኩት።

ማዳም፦ ውሻዬን ትጠየፊው ነበር። ከነካሽ በኋላ በአፈር ስትታጠቢ አይቻለሁ።

ኻሊዳ፦ «እሱ ትእዛዝ ነው እንጂ ጥላቻ አይደለም። ንገራት ጋሼ።»

ነገርኳት። ይሄን በትክክል ነገርኳት።

ከዚያ ማዳም ወደኔ ዞረች። ብስኩቱስ? ብስኩቱ ውስጥ የገባ ነገር ይኖር ይሆን?

ኻሊዳ ብስኩት የሚለውን ቃል ለይታ ሰማች። እኔ አፌን ሳልከፍት፦ «ብስኩቱ ምንም የለበትም! እኔ ራሴ በልቼዋለሁ፣ ይኸው ቆሜያለሁ። ጋሼን እንዳትነካው። ንጹሕ ሰው ነው።»

ተረጎምኩ። ብስኩቱ ምንም የለበትም ትላለች፣ እኔም በልቻለሁ ትላለች። በገዛ አፌ።

ማዳም፦ እንግዲያው ብስኩቱ አይደለም። ትውጣ።

ሩብ ሰዓት ሰጠቻት። አንድ ፌስታልና አንድ ብርድ ልብስ። በሩ ጋ ሸኘኋት። «አይዞህ ጋሼ» አለችኝ። እኔን! «አምቡሊ እታለም ጋ ፍራሽ አለኝ። አላህ ያውቃል፣ ይበቃል።»

ዝማሬ ማታ፦ ነገርካቸው? አልተመቸኝም አልኳት። ነገ።

ታኅሣሥ 22

የፈረንጅ ዓመት መለወጫ። አሥራ ሁለት እንግዳ። ዳክዬ፣ ድንች፣ ኬክ። ቀማሽ የለኝም። ሶሱ ጨው በዝቶበታል አሉ።

ሙሲዬ ደብዳቤውን ፈረመ። ሁለት ቅጂ፣ ማኅተም ያለው። ሌላ አብሳይ ለማሠልጠን ጊዜ የለንም፣ አንተ እንዳትሄድብን ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

አሁን ልናገር? አሁን ብናገር ወረቀቱን ይቀማኛል። ካርዱ ይውጣ፣ ከዚያ። ከካርዱ በኋላ እናገራለሁ። ለራሴ እየጻፍኩ ነው፣ ለራሴ መዋሸት አልችልም... እችላለሁ?

ታኅሣሥ 25

የካርዱን ማመልከቻ ጠዋት አስገባሁ። የገበያ ዕቃ እንደያዝኩ እታለም ደወለች። አምቡሊ ለሠራተኞች ፍራሽ የምታከራየው ሴትዮ።

«ጋሽ ሀይለየሱስ፣ ኻሊዳን ወሰዷት።»

«ማን?»

«አፈሳ ነዋ! ትናንት ጠዋት ዳቦ ልትገዛ ወጥታ። ካርድ አሉ፣ የላትም። አንተ ፈረንጅ ታውቃለህ፣ አንድ ሰው ልከህ አሠሪዋ ነን ቢሉ...»

ዳቦና ውሃ ገዝቼ ወደ ፖሊስ ጣቢያው ሮጥኩ። በር ላይ ያለው ፖሊስ በሶማልኛ መለሰልኝ። ሴቶቹን የጫነው መኪና ንጋት ላይ ወደ ድንበር ሄዷል። ዳቦውን ለማን እንደሰጠሁት አላስታውስም።

ማታ ለዝማሬ ነገርኳት። አላለቀሰችም። «አራት ቀን ነበረህ» አለች። ቆጥራ ነው።

ታኅሣሥ 26

ማዳም ትናንት፣ ሠራተኛ እስካገኝ ዝማሬ ትምህርት እስኪከፈት ታግዘን ብላ ነበር። እምቢ ትላለች ብዬ ነበር። «እሺ፣ እሄዳለሁ።» ጥሩ ነው አልኩ በልቤ። ተረጋጋች። እኔ ቂል።

አራት ሰዓት ላይ። ሽንኩርት እከትፋለሁ። ሳሎን የዝማሬ ድምፅ። ፈረንሳይኛዋ ከኔ ይበልጣል፣ የትምህርት ቤት ነው፣ አንዱም ቃል አይሰበርም። ዘቢብ ስትል ሰማሁ። ያ አምስት መስመር ወረቀት በእጇ ነበር።

ማዳም ጠራችኝ። ፊቷ ነጭ።

«ብስኩቱ ውስጥ ዘቢብ ነበር?»

ዝማሬ አጠገቧ ቆማ ታየኛለች። አይኗ የእናቷ ነው።

ምን አሰብኩ? ካርዱ ሐሙስ ይወጣል። ዘቢቡን ያየ፣ የቀመሰ ሰው ከድንበር ማዶ ነው። ይሄን ነው ያሰብኩት። በዚህ ቅደም ተከተል።

«የለም ማዳም። ፖምና ካሮት ብቻ።»

«ታዲያ ልጅህ ለምን እንዲህ ትላለች?»

«ኻሊዳን ትወዳት ነበር። ልጅ ናት።»

ማዳም ተነፈሰች። ደስ ያላት መሰለኝ። ዝማሬ የተረፉትን ብርጭቆዎች አጠበች፣ አደረቀች፣ ጨርቁን ሰቀለች፣ ወጣች። ከፊት ከፊቴ ሄደች። መንገዱን ሙሉ ጀርባዋን ነው ያየሁት።

ታኅሣሥ 28

ካርዱ ወጣ። ሁለቱም። ፎቶዋ ላይ ፈገግ ብላለች፣ የጥቅምት ፎቶ ነው።

ታኅሣሥ 29

ገና። ዶሮ ሠራሁ። ጾሙን ለብቻዬ ፈታሁ። አልራበኝም አለች። ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ለቄሱ ምን እላለሁ? የዘንድሮ ንስሐ ረጅም ነው... እሱንም ቁጥር ሰጥቼ ልጽፍ ጀምሬ 2 ላይ ተውኩት።

ጥር 1

እሑድ። ዝማሬ ሻንጣ ታዘጋጃለች። ቅዳሜ እታለምን አናግራ መጥታለች። እዚያ ነው የማጠናው አለች። አንድ ፍራሽ ባዶ ነው። የማን እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን።

ሁሉንም ሞከርኩ። ለማን ብዬ ነው? ላንቺ አይደለም? እናትሽ አደራ ብላኝ... ትሰማለች፣ ልብስ ታጥፋለች። አባዬ ማለት ካቆመች ስድስት ቀን።

በሩ ጋ ደርሳ ቆመች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ቀን ማዳም የምታባርረው እኔን ቢሆን፣ ዘቢቡን የጨመርኩት እኔ ነኝ ትል ነበር?»

«ምን ማለትሽ ነው! በዚያው ደቂቃ ነዋ!»

አልቆየሁም፣ አላሰብኩም። እውነቴን ነው። ከአፌ ዘሎ ነው የወጣው።

«እንግዲያው መናገር አቅቶህ አልነበረም።»

ይህን ብላ ወጣች።

ተቀምጬ ቆየሁ። ስንት ሰዓት እንጃ። ጠረጴዛውን ላጸዳ ስነሳ ካርዷን አየሁት። ረስታው መሰለኝና ይዤ እስከ ሚኒባሱ ማቆሚያ ሮጥኩ። የለችም። ስመለስ መሳቢያውን ከፈትኩ። የልደት ወረቀቷን ወስዳለች። የትምህርት ቤት መታወቂያዋን ወስዳለች። ሁለቱም የነበሩት ከካርዱ ሥር ነው። አንስታ፣ እነሱን አውጥታ፣ ካርዱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ነው የሄደችው።

እታለም ጋ ደወልኩ። ደርሳለች፣ ሻንጣዋን አስቀምጣለች አለችኝ። እባክሽ ካርዷን ላምጣላት፣ እስክመጣ ከቤት አታስወጪያት አልኳት።

«አይ ጋሼ» አለች። «ዳቦ ልግዛ ብላ አሁን ወጣች።»