የበቀሉት ችካሎች

ለአባዬ፣

ከተለየኸን ዛሬ አርባ ሰባት ቀን ሆነ። አርባህን አውጥተናል። ድንኳኑ ፈርሷል፣ የዕድሩ ወንበሮች ተመልሰዋል፣ ሰውም ወደየሥራው ገብቷል። እኔ ግን አንድ ቦታ ቆሜ ቀርቻለሁ። ይህን የምጽፍልህ ከወዳጅህ ከጋሽ ታደሰ መንደር ወደ ቴፒው መኪና መንገድ በሚያወጣው አቋራጭ፣ ጫካው ውስጥ፣ መንታ መንገዱ ላይ ተቀምጬ ነው። ገጀራው አጠገቤ አለ። መዳፌ ውሃ ስለቋጠረ ጽሑፌ ቢበላሽ አትቆጣኝ። የእጅ ጽሑፌን ነገር እንደሆነ ድሮም ተስፋ ቆርጠህበታል።

እማዬ ደህና ናት ልልህ አልችልም። ሬዲዮህን ማንም እንዲከፍተው አትፈቅድም። ባትሪው እንዳያልቅ ነው ትላለች፤ ለማን እንደምትቆጥበው አይገባኝም። የጓሮው ቡና ቀልቶ መርገፍ ጀምሯል፣ የሚለቅመው ግን የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ የስካውት ልጆችህ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ይሰለፋሉ። ፊሽካህን ተራ በተራ ይነፋሉ፤ ማንኛቸውም እንዳንተ አያስደነግጡም።

የዕድሩን ሊቀመንበር ታስታውሳቸዋለህ? በስካውት ወግ ግራ እጅህን ዘርግተህ ሰላም ብትላቸው ናቀኝ ብለው ሦስት ወር ያኮረፉህን? ለልብ የሚቀርበው ግራ እጅ ስለሆነ ነው ብለህ ስታስረዳቸው የባሰ የተናደዱትን? ቀብርህ ላይ መጥተው ግራ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ሰው ሁሉ ያይ ነበር። እኔ ቀኜን ሰጠኋቸው። ግራዬን የምሰጥበት አንጀት አልነበረኝም፤ ለምን እንደሆነ ያኔ ለራሴም አልነገርኩም ነበር።

ዛሬ ልንገርህ። ከዚህ በላይ ከያዝኩት እታመማለሁ።

ከጂማ ይዘኸው የመጣኸው የልጅነት የስካውት ደብተርህ አሁንም ሳጥኑ ውስጥ ነው። ለስካውት የመጨረሻው ማዕረግ የሚፈረምበት አንድ መስመር ሲቀርህ ደርግ ገባና ሁሉም ነገር ተዘጋ። ያንን ባዶ መስመር ስንት ጊዜ አሳይተኸኛል። ስካውት ተመልሶ ሲፈቀድ ሚዛን ከተማ ልጆች ሰብስበህ ስትጀምር የመጀመሪያዋ እኔ ነበርኩ። ቋጠሮ በጫማ ማሰሪያ አስተማርከኝ። የቁስል አስተሳሰር ስንለማመድ የእማዬን ነጠላ ቀደህ አንድ ሳምንት ሙሉ ምሳህን በኩርፊያ በላህ። በዝናብ እሳት የማንደዱን ፈተና ሦስት ጊዜ ጣልከኝ። ሌሎቹን ልጆች በአንድ ክብሪት ስታሳልፍ ለእኔ ግን ጭስ አይቼ አልፈርምም አልክ። ልጁ ስለሆነች ነው እንዳይባል መሆኑን አውቅ ነበር፤ ቢሆንም አልቅሻለሁ።

የመጨረሻው መስመር ለሰው የሚጠቅም አንድ ሥራ ሠርቶ መጨረስ ነበር፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላ። እኔ ይህን መንገድ መረጥኩ። ከመንደሩ በሽተኛ በቃሬዛ ሲወጣ በዙሪያው ከተሄደ ግማሽ ቀን ይፈጃል። በጫካው ግን ቅርብ ነው፣ የማያውቅ ሰው ይጠፋበታል እንጂ። ከልጆቹ ጋር ሠላሳ አንድ ችካል ተከልን፤ በእያንዳንዱ ላይ የደረት ቁመት ያህል ቢጫ ቀለምና ቀስት ቀባን። መኪና መንገዱ ዳር ባለው በመጨረሻው ችካል ላይ ክብ ሠርቼ መሃሉ ላይ ነጥብ አኖርኩ። ስካውቶች መንገድ ሲያልቅ የሚተዉት ምልክት ነው፤ ወደ ቤቴ ገብቻለሁ ማለት ነው።

ደረቅና የተላጠ እንጨት ፈልጊ ብለኸኝ ነበር። እኔ ቸኮልኩ። ከጋሽ ታደሰ አጥር እርጥብ የቆርች እንጨት ቆርጬ ተከልኩ፤ ምስጥ አይበላውም ብዬም ተከራከርኩህ። ቆርች በእኛ አገር አፈር ምን እንደሚሆን የማያውቅ የለም። ሰው ለአጥር የሚመርጠው በተተከለበት ስለሚበቅል ነው። እኔ የመንገድ ምልክት አደረግኩት።

የካቲት ላይ መጥተህ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሄድክበት። አንዱን ችካል በጣትህ ጫር አድርገህ አረንጓዴውን አየህና ሳቅክ፤ "ሰናይት፣ ጫካ ውስጥ አጥር አጠርሽ እንዴ?" አልከኝ። ከዚያ ኮስተር ብለህ፣ ክረምቱ ሳይገባ ተመልሰሽ ቅርንጫፋቸውን ካልመለመልሽ ቅጠሉ ቢጫውን ይሸፍነዋል አልክ። ሦስት ጣቴን አንስቼ የስካውት ቃሌን ሰጠሁህ። ያኔ እስክሪብቶህን አውጥተህ ፈረምክ። ጭስ ሳታይ የፈረምክልኝ መስመር እሱ ብቻ ነው።

ረሳሁት ብልህ ውሸት ነው። ግንቦት ፈተና አለብኝ አልኩ። ሰኔ ዝናቡ በረታ አልኩ። እውነቱ ግን ፊርማውን ካገኘሁ ወዲህ መንገዱ ከሐሳቤ መውጣቱ ነው። ሐምሌ ላይ ምሳ እየበላን ችካሎቹን መልምዬ እንደሆነ ጠየቅከኝ። አፌ ሙሉ ነበር፤ ራሴን ነቀነቅኩልህ። አንተም ጎሽ ብለህ ወደ ምግብህ ተመለስክ። አባዬ፣ ያቺን መነቅነቅ ምን ላድርጋት?

መስከረም ላይ ጋሽ ታደሰን ልትጠይቅ ሄደህ እዚያው ሆድህን ያዘህ። የመንደሩ ሰው ለቀማ ወጥቶ ነበር። ቃሬዛውን ያነሱት ከሌላ አገር ለቡና ለቀማ የመጡ ስድስት ልጆች ናቸው። ጋሽ ታደሰ ቢጫውን ተከተሉ ብሏቸው መኪና ሊያስቆም ቀድሞ ሮጠ። አንድ አይሱዙ አግኝቶ ለምኖ አቆመ። ሾፌሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቀ፤ ተሳፋሪው ሲያጉረመርምበት ሄደ። እናንተ ግን አልደረሳችሁም። እዚህ፣ አሁን እኔ የተቀመጥኩበት መንታ ላይ፣ ወደ ግራ ታጥፋችሁ ወደ ሞላው ወንዝ ወርዳችሁ ነበር። ተመልሳችሁ መኪና መንገዱ ላይ ስትወጡ ሦስት ሰዓት ያህል ባክኗል። ሌላ መኪና ተገኝቶ አማን ሆስፒታል ስትደርሱ ሐኪሙ ምን እንዳለ እማዬም እኔም ሰምተናል። ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ነበር ያለው። ከዚያ በላይ አልተናገረም፤ እሱም በቃኝ።

ይህን ሁሉ የነገረኝ ከተሸካሚዎችህ አንዱ፣ ማርቆስ የሚባል ልጅ ነው። በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ሊያጽናናኝ ፈልጎ ነው የነገረኝ፣ ክፋት የለበትም። መንታው ላይ ግራ ገብቷቸው ሲቆሙ ጋቢውን ከፊትህ ገለጥ አድርገህ ቢጫውን ፈልጉ አልካቸው። የለም አሉህ። "ደህና እዩ፣ ልጄ መልምላዋለች፣ ይታያል" አልክ። ማርቆስ ይህን ሲነግረኝ ፈገግ ብሎ ነበር፤ አባትሽ እስከ መጨረሻው ይኮራብሽ ነበር አለኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እህል ስቀምስ፣ ሰው ሲያቅፈኝ፣ ልጄ መልምላዋለች ትለኛለህ። ጨንቆኛል አባዬ። የት እንደምገባ ጠፍቶኛል።

የማዕረጉ ጉዳይ ደግሞ ያለኔ ሄዷል። ገምጋሚዎቹ መጥተው ደብተሬን አዩ፣ ፊርማህን አዩ፣ አጸደቁ። እሑድ ሜዳው ላይ ይሰጠኛል፤ ደረቴ ላይ የምታደርግልኝ እማዬ ናት። ሸሚዜን ሁለት ጊዜ ተኩሳዋለች። አንተ ከሄድክ ወዲህ ሥራዬ ብላ የያዘችው ነገር ይህ ብቻ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሁሉንም ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ፣ "ፊርማውን ልትሰርዢበት ነው? ከእጁ የቀረን እኮ ይኸው ነው" አለች። ደብተሩን ነጥቃኝ ትራሷ ሥር ከተተችው። በማግስቱ አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አኖረችልኝ። ከዚያ ወዲህ ብይ፣ ጠጪ ከማለት ሌላ አታናግረኝም።

አልሰረዝኩትም። ፊርማህ እንዳለ ነው። ከሥሩ በራሴ እጅ፣ አባቴ ቃሌን አምኖ ፈረመ፣ እኔ ቃሌን አልጠበቅኩም ብዬ ጽፌ ፈርሜአለሁ። ነገ ወስጄ ለገምጋሚዎቹ እሰጣቸዋለሁ። ሐሙስ አሥራ ስምንት ዓመት ይሞላኛል፤ ከዚያ በኋላ ይህ ማዕረግ ለእኔ የለም።

ዛሬ ሠላሳ አንዱንም መልምዬ እንደገና ቀብቻለሁ። ገና ሁለት ቀን አለሽ፣ ሥራው አልቋል፣ ምን ጎደለ የሚለኝ ሰው ይኖራል። ልቤም ጠዋት እንደዚያ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽህም። ግን ማን ይፈርምልኛል? ሄዶ አይቶ፣ በጣቱ ጭሮ፣ ስቆ የሚፈርመው ሰውዬ በዚሁ መንገድ ቃሬዛ ላይ ተኝቶ አልፏል። ሳጥኑ ውስጥ ደብተሬን ከደብተርህ አጠገብ አኖረዋለሁ። ያንተን መስመር ባዶ ያስቀረው ደርግ ነበር፤ የእኔን ማን እንዳስቀረው አንተ ታውቃለህ።

ጋሽ ታደሰ ቆርቾቹን ነቅለን ደረቅ እንጨት እንትከል ብሎኛል። እንቢ አልኩት። ደረቅ እንጨት ብተክል አንድ ቀን ተክዬ እተወዋለሁ፤ እኔ ራሴን አውቀዋለሁ። እነዚህ ግን በየዓመቱ ይበቅላሉ። በየዓመቱ ግንቦት ላይ ገጀራ ይዤ እመጣለሁ፣ ባገባም፣ ብወልድም፣ ሥራ አገር ቢያርቀኝም።

አንድ ነገር ልናዘዝልህ። የቀብርህ ቀን የስካውት ልጆችህ መቃብርህ ላይ በጠጠር ያንን ክብ ሠርተውልህ ነበር፤ መሃሉ ላይም አንድ ነጭ ጠጠር አኑረውልሃል። ማርቆስ በነገረኝ ማግስት ሄጄ የመሃሏን ጠጠር አንስቻታለሁ። ኪሴ ውስጥ ናት፣ አሁንም እየነካኋት ነው። አንድ በሽተኛ በዚህ መንገድ ሳይሳሳት ወጥቶ፣ አማን ደርሶ፣ ድኖ በእግሩ ሲመለስ ያየሁ ቀን መልሼ አኖራታለሁ። እስከዚያ ክቡ ባዶ ይሁን። በእኔ ምክንያት መንገድ ላይ ቀርተህ ሳለ ቤቱ ገብቷል ብዬ መጻፍ አልችልም።

ልጅህ ሰናይት