ከአልጋህ እግር የታሰረው ላስቲክ

ሆሳዕና፣ ጥር ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.፤ ዕድሜዬ ሰባ ስምንት ዓመት ከአራት ወር።

ወደ ደቡብ አፍሪካ ለሄድኸው ልጄ ለፈትሁዲን፤ የአላህ ሰላም ካለህበት ይድረስህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን።

ሌሞ መንገድ ላይ አረማመዱ አንተን የመሰለ ሰው አይቼ ከጋሪ ስዘል የጉልበቴ ጅማት ተጎዳ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ የመለማመጃ ላስቲክ ሰጥታኝ፣ «አባባ፣ ቀስ ብለው ይሳቡ፤ ሲመልሱም አይቸኩሉ» አለችኝ። አንዱን ጫፍ ከአልጋህ እግር አስሬ፣ ሌላውን በቁርጭምጭሚቴ አጥልቄ እስባለሁ። ያን ጊዜ አልጋህ እንደ ጥንቱ ሲጢጥ ይላል፤ እናትህም ከጓዳ፣ «ፈትሁ፣ ተነሣህ?» ትላለች።

«እኔ ነኝ» እላታለሁ።

ትናንት ላስቲኩን ወደ መስኮቱ ብረት ባዛውረው፣ «እባክዎ፣ ወደ አልጋው ይመልሱት» አለችኝ። መለስሁት።

እናትህ ሰላም ብላሃለች። ደብዳቤውን አሽጌ ወደዚያው በሚሄደው የሀቢቾ መንደር ነጋዴ እጅ እልከዋለሁ፤ አድራሻህን ስለማናውቅ በየሱቁ ስምህን እየጠራ ይጠይቃል።

አባትህ ሙራድ